በቂም የተመረጠ ሞተር

ሰው ጫማ ሲገዛ እግሩን ይለካል። አቶ በዛብህ ሞተር ሳይክል ሲገዙ ግን የለኩት ጠላታቸውን ነበር። ጥፋቱ የጀመረው እዚህ ላይ ነው፤ ታሪኩን ለወገን መንገር ያስፈለገውም ይህን ልኬት የሚጠቀሙት እሳቸው ብቻ ስላልሆኑ ነው።

አቶ በዛብህ ስልሳ ሰባት ዓመታቸው ነው። ሮም ከገቡ አሥራ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ የሚኖሩትም ከፖንቴ ማሞሎ ሜትሮ ጣቢያ ብዙ ሳይርቅ ባለ አሮጌ ፎቅ አራተኛ ደርብ ላይ ነው። በጉብዝናቸው ወራት አርሲ ውስጥ የወባ ማጥፊያ ሠራተኛ ሆነው በሞተር መንደር ለመንደር ዞረዋል። ይህን ያልሰማ ሐበሻ ሮም ውስጥ ቢገኝ ትናንት የገባ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ የሻረግ ደግሞ ሞንቴሳክሮ በሚባለው ሰፈር አንዲት የዘጠና ዓመት ሲኞራ ያስታምማሉ፤ እዚህ አገር ባዳንቴ የሚሉት ሥራ ነው። የባልና ሚስቱ ፔርሜሶ፣ የመኖሪያ ፈቃዳቸው ማለት ነው፣ የሚታደሰው በወይዘሮ የሻረግ የሥራ ውል ነው። ውሉ ከሄደ ፈቃዱም ይከተለዋል።

ሥራው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ይጀምራል። አውቶቡሱ የሚመጣው ደስ ሲለው ነው፤ የወይዘሮ የሻረግ ጉልበት ደግሞ ከሜትሮው ደረጃ ጋር ከተጣላ ቆይቷል። ስለዚህ ለዓመታት አቶ በዛብህ በአሮጌዋ ስኩተራቸው ሲያደርሷቸው ኖሩ። ኦክቶበር መግቢያ ላይ ስኩተሯ አርፋ ተገኘች። ወይዘሮ የሻረግ በአውቶቡስ ሁለት ቀን ዘገዩ። የሲኞራዋ ልጅ በጨዋ ቋንቋ፣ «ሦስተኛ ቀን ካለ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ» አለቻቸው።

በዚያው እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ባልና ሚስቱ ቪያ ቮልቱርኖ በሚባለው ጎዳና ላይ ወዳለው የልዕልቲ ምግብ ቤት ገቡ። ቤቱ ሞልቷል። ከሞሉት አንዱ ሳህለ ነበር፤ አሥመራ ተወልዶ ያደገ፣ ሃምሳዎቹን የያዘ፣ ሰው ሁሉ እጁን የሚያምነው መካኒክ። አፉን ግን ማንም አያምነውም። የስኩተሯን ዕረፍት ሲሰማ ወንበሩን ወደ እነሱ አዞረና እንደ ልማዱ በጣልያኖቹ «እንግዲህ» ጀመረ።

«አሎራ፣ ጋሽ በዛብህ፣ ለእርስዎ የምትሆን አለችኝ። መቶ ሃያ አምስት ሲሲ ስኩተር ናት። ወንበሯ ዝቅ ያለ፣ ሁለት እግርዎ ሙሉ በሙሉ መሬት የሚረግጥባት። ቀላል ናት። ለእትዬ የሻረግም ሰፊ መቀመጫ ከነመደገፊያው አላት።»

«ቀለሟስ?»

«አመድማ።»

«አመድ?»

«አመድማ ነው ያልኩት፣ ጋሼ።»

«ሳህለ፣ እኔ እኮ በሞተር ወንዝ ያቋረጥኩ ሰው ነኝ።»

ሳህለ እዚህ ላይ ቢያቆም ይህ ታሪክ አይጻፍም ነበር። «ወንዙን ያቋረጠው ጉልበትዎ ጡረታ ወጥቷል» አለ። «ደብዳቤው ደርሷል፤ እርስዎ ነዎት አልፈርምም ያሉት።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ልዕልቲ በትሪዋ አፏን ሸፈነች። ዳዊ የሚባለው የዘወትር ደንበኛ፣ አቶ በዛብህን ባየ ቁጥር ከወገቡ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ የሚሰጥ ጨዋ ሰው፣ እንባውን በሶፍት ጠረገ። አቶ በዛብህም አብረው ፈገግ አሉ። ፈገግታቸውን ያየ ሰው ይቅር ያሉ መስሎት ነበር። እሳቸው ግን በዚያች ደቂቃ ሞተር መፈለጋቸውን ትተው በቀል መፈለግ ጀምረዋል።

ማግሥቱን ብቻቸውን ሞተር መሸጫ ሄዱ። ሻጩ ጣልያን ስለ ፍሬኑ ሊያስረዳ ሲጀምር አቋረጡት።

«ሳህለ ከሚነዳው ይበልጣል?»

ሻጩ ሳህለን አያውቀውም። ቢሆንም «ሲ፣ ሲ፣ ይበልጣል» አለ።

የመረጡት ስድስት መቶ ሃምሳ ሲሲ ሆነ፤ ለተራራና ለበረሃ የተሠራ፣ ደረቱ ሰፊ፣ ወንበሩ እስከ አቶ በዛብህ የዳሌ አጥንት የሚደርስ። ክብደቱ ሁለት ኩንታል ጤፍና አንድ ሙክት በግ ያህላል። ተቀምጠው እግራቸውን ሲያወርዱ መሬት የነኩት የጫማቸው ጫፎች ብቻ ናቸው፤ ተረከዛቸው አየር ላይ ቀረ። ሲሄድ ግን ሞተር እግር አያስፈልገውም ብለው ራሳቸውን አሳመኑ። እውነታቸውን ነው። እግር የሚያስፈልገው ሲቆም ነው፤ ሮም ውስጥ ደግሞ የማይቆም የለም።

ያን ሳምንት ወይዘሮ የሻረግ በሌሊት እየተነሱ በአውቶቡስ ሄዱ። በሚቀጥለው እሑድ አቶ በዛብህ ሞተሩን ቪያ ቮልቱርኖ ይዘውት ሲመጡ ሰው ወጥቶ ከበባቸው። ዳዊ ተረከዛቸውን አየ፤ በግልጽ አየ። ታላቅ ሰው ፊት እንዲህ አይባልም ብሎ፣ «ያምርብዎታል፣ ጋሼ! በውነት ያምርብዎታል!» አለ። ልዕልቲ ደጅ ቆማ «ይባርክልዎት» ካለች በኋላ ወጥ ቤት ገብታ «ይወድቃሉ» አለች። ለሽንኩርቱ።

ወይዘሮ የሻረግ ሞተሩን ዞር ዞር ብለው አዩት።

«በዛብህ፣ በምኑ ነው የምወጣው?»

«በመርገጫው።»

«መርገጫው የታለ?»

«ያውልሽ፣ ላይ።»

«ለምን ይሄን መረጥክ?»

«ጠንካራ ነው።»

«እኔ ጠንካራ አይደለሁም እኮ። እኔ ነኝ የምጫንበት።»

ቢሆንም ወጡ። ወይዘሮ የሻረግ ከአገር ቤት ይዘውት የመጡት ልማድ ነበራቸው፤ በሰፊ ቀሚስ፣ እግራቸውን አንድ ላይ ገጥመው፣ ወደ ቀኝ ዞረው በጎን ነው የሚቀመጡት። «ሴት ልጅ ሞተር ላይ እግሯን ከፍታ አትቀመጥም» ይላሉ። የዚህ አገር ትራፊክ ይቀጣል ሲባሉ፣ «እናቴ ከትራፊኩ በላይ ናት» ብለው ይመልሱ ነበር። ዝቅ ባለችው ስኩተር ይህ ልማድ ምንም አላደረጋቸውም። ከፍ ባለው ላይ ግን የሰውነታቸው ክብደት በሙሉ በአንድ ወገን ተንጠለጠለ።

ከቤታቸው ወደ ሞንቴሳክሮ አቋራጭ መንገድ አለ። አቶ በዛብህ አቋራጩን ተዉት። በሳህለ ጋራዥ በር በኩል ይዞራሉ፤ በሩ ጋ ሲደርሱ ነዳጅ ይሰጡታል፤ ሞተሩ ያገሳል፤ እሳቸው ወደ ፊት እንደሚያይ ሰው ሆነው ወደ ጎን ያያሉ። ሰኞ ሳህለ ቀና ብሎ አየ። ማክሰኞ እጁን አነሳ። ረቡዕ ቀና አላለም። ከስድቡ ይልቅ ያንገበገባቸው ይህ ነው። የሚበቀሉት ሰው ካላየ በቀሉ ለማን ነው?

ሐሙስ ዕለት ጋራዡ በር ላይ ሊያቆሙ ቆረጡ። ምንም ሊሉ አልፈለጉም፤ ቆመው ሊታዩ ብቻ ነው።

ፍሬን ያዙ። መንገዱ እዚያ ላይ ወደ ቀኝ፣ ወደ ፍሳሹ ያዘነብላል። ቀኝ እግራቸውን አወረዱ፤ መሬቱ አልነበረም። ጥቂት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ነበር። ሁለቱ ኩንታልና በጉ ቀስ ብለው፣ ሳይቸኩሉ፣ ወይዘሮ የሻረግ ወደተቀመጡበት ወገን ተጋደሙ። ወይዘሮ የሻረግ መሬቱን ለማቆም እጃቸውን ዘረጉ። መሬት አይቆምም። አጥንቱ ሲሰበር አቶ በዛብህ ድምፁን ሰሙት።

ሳህለ እየሮጠ ወጣ። ወይዘሮ የሻረግን ደግፎ አስቀመጠ፤ አምቡላንስ ጠራ፤ ከዚያ ጀርባውን ለሞተሩ ሰጥቶ፣ በጉልበቱ ዝቅ ብሎ፣ በእግሩ እየገፋ ያን ሁሉ ብረት አቆመው። አቶ በዛብህ አንድ ስድብ ጠበቁ። ቢሰድባቸው ይገላግላቸው ነበር። ሳህለ ግን የወይዘሮ የሻረግን ቦርሳ ከፍሳሹ አንስቶ በጨርቅ ይጠርግ ጀመር።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ፣ የወይዘሮ የሻረግ ቀኝ እጅ እስከ ክንድ ድረስ በጄሶ ታስሮ ሲወጣ፣ አቶ በዛብህ ገና ይንተከተኩ ነበር።

«ዓይኑ ነው! የሱ ዓይን ነው የጣለን! ሳልበቀለው ብቀር በዛብህ አይደለሁም!»

«ማንን ነው የምትበቀለው?»

«ሳህለን ነዋ!»

«ሳህለ ደህና ነው እኮ» አሉ ወይዘሮ የሻረግ። «አሁን ሳየው ሁለቱም እጁ ደህና ነው። ሰደበህ፤ እውነት ነው፣ ሰደበህ። ስድቡን ግን የተቀበለው የማን እጅ ነው?»

አቶ በዛብህ ጄሶውን አዩት። አይተውም ይበልጥ ተናደዱ።

የሲኞራዋ ልጅ ለአርባ ቀን ምትክ ሰው አስገባች። «ዲሴምበር አንድ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ በሩ ላይ ካሉ ቦታው የእርስዎ ነው። ከሌሉ ምትኳ ትቀጥላለች» አለች።

ወይዘሮ የሻረግም ሰው ናቸውና በበኩላቸው ተበቀሉ። አገር ቤት የታመመ ይጠየቃል፤ ሮምም ይጠየቃል። ብርቱካንና ጁስ ይዞ የመጣው ጠያቂ ሁሉ «ምን አገኘዎት?» ሲላቸው፣ ባላቸው እየሰሙ፣ በተረጋጋ ድምፅ አንድ ዓይነት መልስ ይሰጣሉ፦

«በዛብህ ሳህለን ሲበቀል እጄ መሐል ገባ።»

አቶ በዛብህ ወጥ እየሠሩ ይሰሙታል። ሳህን እያጠቡ ይሰሙታል። የሚስታቸውን ነጠላ እያጠፉ ይሰሙታል። በሦስተኛው ሳምንት ዳዊ መጣ፤ መልሱን ሰምቶ ሲያበቃ ራሱን ነቀነቀ።

«እኔ እንኳ ያን ቀን ተረከዝዎ መሬት እንዳልደረሰ አይቼ ነበር።»

አቶ በዛብህ ማማሰያውን እንደያዙ ከወጥ ቤት ወጡ። «አይተህ ነበር?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«አይተህ ነው ያምርብዎታል ያልከኝ?»

«ታላቄ ነዎት። እንዴት ብዬ በሰው ፊት...»

«ስማ፣ ዳዊ። ሳህለ ሰደበኝ። አንተ ግን ቀበርከኝ።»

ዳዊ የያዘውን ብርቱካን ሳይልጥ መልሶ ከፌስታሉ ውስጥ ከተተው። አቶ በዛብህም ቆመው ቀሩ፤ የተናገሩት ነገር ከዳዊ ዞሮ ወደ እሳቸው ሲመጣ ታወቃቸው። ተረከዛቸውን ከዳዊ በፊት ያዩት እሳቸው ነበሩ።

በማግሥቱ ትልቁን ሞተር ለሻጩ መለሱት። እዚያው ቆመው ሳሉ የገዛው አንድ ረጅም ጣልያናዊ ነው፤ ተቀምጦ ሁለት እግሩን መሬት ላይ ጣለና እንደ በርጩማ ተመቻቸበት። አቶ በዛብህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሞተሩ ጥፋት እንደሌለበት አዩ።

ጄሶው በተፈታ በሁለተኛው ቀን ባልና ሚስቱ ሳህለ ጋራዥ ሄዱ። ወይዘሮ የሻረግ ከልዕልቲ የተዋሱትን ሱሪ ለብሰዋል፤ በሕይወታቸው የመጀመሪያው ሱሪ ነው። ሳህለ አይቶ ምላሱን ሊያንቀሳቅስ ሲል ቀደሙት።

«አንተም ዝም በል። ያልከው እውነት ነበር፤ ግን እንደ ድንጋይ ነው የወረወርከው። ለብቻው ጠርተህ ብትነግረው ይሰማህ ነበር። ሰው አስቀህበት ስታበቃ ማን ይሰማሃል?»

«እውነትዎን ነው፣ እትዬ» አለ ሳህለ፣ ወደ ጫማው እያየ። አመድማዋ ስኩተር ገና አልተሸጠችም ነበር።

«አምጣት። ዛሬ የምመርጠው እኔ ነኝ።»

አቶ በዛብህ ተቀመጡ፤ ሁለት እግራቸው ከነተረከዙ መሬት ረገጠ። ይህ ለወይዘሮ የሻረግ አልበቃቸውም። እግራቸውን ግራና ቀኝ አድርገው ከኋላ ተሳፈሩ፤ ከነሙሉ ክብደታቸው፣ ከነቦርሳቸው። «ባዶውን ሁሉም ቀላል ነው» አሉ። ከዚያ ዳገቱ ላይ አስቆሟቸው። ቁልቁለቱ ላይ አስቆሟቸው። ወደ ፍሳሹ ያዘነበለችው ቦታ ላይ፣ የወደቁባት ላይ፣ ደጋግመው አስቆሟቸው። ወደ ኋላ እንዲገፉ፣ በካቫሌቶዋ፣ በመቆሚያ እግሯ ማለት ነው፣ ብቻቸውን እንዲያቆሟት አዘዟቸው።

«እንደገና።»

«ስድስት ጊዜ ቆምኩ እኮ፣ የሻረግ!»

«እጄ አርባ ቀን ነው የቆመው። እንደገና።»

በአሥረኛው ላይ «ትሁን» አሉ።

ዲሴምበር አንድ ቀን፣ ለአንድ ሰዓት አሥር ጉዳይ፣ ወይዘሮ የሻረግ ሞንቴሳክሮ የሲኞራዋን ደወል ተጫኑ። ልጇ በሩን ከፍታ ሰዓቷን አየች፤ ከዚያ ሱሪውን አየች፤ «ቫ ቤኔ»፣ ደህና ነው፣ ብላ አስገባቻቸው።

ወገኖቼ፣ ዕድሜ የገፋ ሰው ሞተር አይንዳ የሚል የለም። ይንዳ፤ ግን ቆሞ የሚይዘውን ይምረጥ፤ ከኋላው የሚጭነውን ሰው ጭኖ ይሞክር። ተረከዙ አየር ላይ ሆኖ ያየነው እንደሆነ ደግሞ በአክብሮት፣ ለብቻው፣ ግን ሳንፈራ እንንገረው። ታላቅን ማክበር ሲወድቅ አጨብጭቦ ማየት አይደለም።

በዚያው ጠዋት አቶ በዛብህ ሲመለሱ የኋላ ጎማዋን ንፋስ ሊያስለኩ ጋራዡ ጋ ቆሙ። ሳህለ ለክቶ ሲጨርስ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ጠየቃቸው።

«አሎራ፣ ጋሼ፣ ታረቅን ማለት ነው?»

«አልታረቅንም» አሉ አቶ በዛብህ። «ቂሙ የብቻዬ ነው፤ ሳስበው እኖራለሁ። ወንበሩ ግን የእኔና የየሻረግ ነው፤ ቂም አልጭንበትም።»