ድልድዩን የተሻገረው ጥላ

«አሁንም ጣት የላቸውም!» አለች ሉሊት ግድግዳው ላይ አፍጥጣ።

እውነቷን ነው። ከላሜራ ቆራርጣ የሠራችው ባቡር በእጅ ይዘው ሲያዩት ጉድ ያሰኛል። መስኮቶቹ፣ ከመስኮቶቹ ወጥተው የሚያውለበልቡት እጆች፣ ለብቻው የቆመው የአዋሽ ድልድይ ሳይቀር ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ጥላው ግን ሌላ ነው። የጋራዡ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ ባቡሩ የተጣለ ጆንያ ይመስላል፤ እጆቹም ድፍን ብለው ቡጢ ሆነዋል።

ኢናስ ፓውዛውን አጠፋችው። ባቡሩ የሉሊት ሥራ ነው፤ መብራቱ የእሷ። ሰመራ በሚካሄደው የተማሪዎች የፈጠራ ውድድር ላይ ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ትምህርት ቤታቸውን ወክለው ይህንኑ የጥላ ባቡር ሊያሳዩ የሚሄዱት እነሱ ናቸው።

«በቃ፣ አይሆንም ማለት ነው» አለች ሉሊት።

«ቆይ እስቲ» አለች ኢናስ። ጠጋ ብላ የፓውዛውን ፊት አየችው። ኤልኢዲ የሚባሉ ትናንሽ አምፖሎች እንደ በቆሎ ፍሬ ተደርድረውበታል። ከጋራዡ ባለቤት ከአጎቷ ከአብዱረህማን መሣሪያዎች መሃል ጥቁር ናስትሮ አነሳችና ከአንዷ በስተቀር ሁሉንም ሸፈነቻቸው። እንደገና ስታበራው ጥላው ፈዛዛ ነበር። ጣቶቹ ግን አንድ በአንድ ይቆጠሩ ነበር።

«አየሽ? እያንዳንዷ ፍሬ የራሷን ጥላ ትጥላለች። ሁሉም ሲደራረብ ነው የሚድበሰበሰው። የምታስፈልገን አንዲት ብቻ ናት፤ ግን ጉልበታም!»

ጉልበታሟን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አላስፈለጋቸውም። በጅቡቲ መስመር የሚመላለሱ ከባድ መኪኖች መብራታቸውን የሚያስጠግኑት አጎቷ ዘንድ ነው። ከተጣሉት መብራቶች መሃል ከጥፍር የማትበልጥ፣ ስትበራ ግን ዓይን የምታጠፋ ኤልኢዲ ተገኘች። ኢናስ ብርሃኑን የሚበትነውን ሌንስ ነቀለች፤ ዙሪያውን የከበበውን የሚያብለጨልጭ ቆርቆሮ አወጣች፤ ብርሃን እየነጠረ እንዳያስቸግር የሳጥኑን ውስጥ ጥቁር ቀባችው። ከመኪና ባትሪ ጋር አገናኝታ ስታበራው ጥላው በምላጭ የተቆረጠ መሰለ። ሁለቱም እልል አሉ። እልልታው ሳያበቃ ግን የሚያር ነገር ሸተታቸው፤ ኤልኢዲዋ ጨሰችና ጠፋች።

በማግስቱ ነው የሚሄዱት።

«ተበላን!» አለች ሉሊት።

«ሙቀት ነው ያቃጠላት። ሌላ አለች። ለሷ ሙቀቱን የሚወስድላት አሉሚኒየም አደርጋለሁ።»

«እሷም ብትቃጠልስ? የምንሄደው እኮ ሰመራ ነው! የሰመራን ሙቀት ረሳሽው?» ሉሊት ሰመራ ላይ ጥላውን የሚያሳዩበትን የመጋረጃ ጨርቅ ማጣጠፍ ጀመረች። «ይሄን እኔ ልውሰደው። አጥቤ ተኩሼ አመጣዋለሁ።»

ኢናስ ሁለተኛዋን ኤልኢዲ ወፍራም አሉሚኒየም ላይ በብሎን አሰረቻት፤ ከኋላዋ ከአሮጌ ኮምፒውተር የወጣ ማራገቢያ ገጠመችላት። አጎቷ ሽቦውን አይቶ ሻይ ሊጠጣ ሄደ። ጠጥቶ፣ የአንድ ሹፌር መኪና ጠግኖ ሲመለስ መብራቱ አሁንም እየበራ ነበር።

«ማሻአላህ!» አለ።

ሰመራ ሲደርሱ አዳራሹ ከዱብቲ፣ ከአፋምቦ፣ ከየወረዳው በመጡ ተማሪዎች ተሞልቷል። ይዛቸው የመጣችው መምህርት ስንቅነሽ ጨለም ያለ ጥግ አስፈቀደችላቸውና ልታስመዘግብ ሄደች። ኢናስ ጨርቁን ስትዘረጋ ደነገጠች። መብራቱ ሳይበራ ባቡሩ ጨርቁ ላይ አለ፤ በግራጫ ቀለም፣ ከነጣቶቹ ተስሏል።

«ሉሊት፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«ቀስ በይ!» ሉሊት ዙሪያዋን ቃኘች። «ስስ አድርጌ ነው የቀባሁት። መብራቱ ሲበራ ጥላ ነው የሚመስለው። ማን ያውቅብናል?»

«እኛ እናውቃለን።»

«ብትቃጠልስ? በዚህ ሁሉ ሰው ፊት?» አለች ሉሊት። «ስንት የለፋሁበትን ባቡር ጆንያ ሆኖ እንዲያዩብኝ አልፈልግም።»

ኢናስ ልትጮህባት አፏን ከፈተች። ወዲያው ላሜራው የቆራረጣቸውን የሉሊትን ጣቶች አየች፤ ሁለቱ በፕላስተር ተጠቅልለዋል። ንዴቷ በረደላት። ሐሳቧን ግን አልቀየረችም። ጨርቁን ገልብጣ ሰቀለችው። ወፍራም አቡጀዲ ስለነበር ቀለሙ ወደዚህኛው ፊት አልዘለቀም።

«ነይ፣ አንቺ አብሪው» አለቻት።

ሉሊት አበራችው። ባቡሩ ከነመስኮቶቹ፣ ከነእጆቹ፣ ከነጣቶቹ ጨርቁ ላይ ቁጭ አለ። አልተቃጠለም። ማራገቢያው በቀስታ ያጉረመርማል። ሉሊት ጥላውን ለማስተካከል መብራቱን በትንሹ ወደ ጎን ስትገፋው ባቡሩ ወደፊት ተንሸራተተ። ለጨርቁ የቀረበው ድልድይ ብዙም አልተነቃነቀም። ለመብራቱ የቀረበው ባቡር ግን በላዩ ሄደ!

«ኢናስ!»

«አየሁት! ግፊው፣ ግፊው!»

«ባቡሩ ሄደ! ኑ፣ እዩ!» ብሎ ጮኸ ከኋላቸው አንድ ተማሪ። አፍታም ሳይቆይ ጥጉ በሰው ታጨቀ። ከአፋምቦ የመጡት ልጆች ለተሳፋሪዎቹ መልሰው እጃቸውን ያውለበልቡ ጀመር። መምህርት ስንቅነሽ በሕዝቡ መሃል እየተጋፋች ስትደርስ አንዲት መነጽር ያደረጉ ዳኛ ቀድመዋት ነበር።

«እስቲ ድገሙልኝ» አሉ ዳኛዋ። ሉሊት ደገመችላቸው። ዳኛዋ ሳቅ ብለው ወደ ጨርቁ ተጠጉና ከየት እንደሚመጣ ለማየት ጠርዙን ገለጥ አደረጉት። ሳቃቸው ቆመ።

«ይሄኛውን ባቡር ማን ነው የሳለው?»

ሉሊት አንገቷን ደፋች። ኢናስ የጓደኛዋን ስም ለመጥራት አንድ ቃል ይበቃት ነበር።

«ጥላው አልጠራ ሲለን ፈርተን ነበር» አለች። «በሱ ልናሳይ አስበን፣ በኋላ ጨርቁን ገለበጥነው።»

ዳኛዋ በመነጽራቸው አናት ሁለቱንም ተራ በተራ አዩአቸው። ከዚያ የጨርቁን ጠርዝ ለቀቁት።

«ደግ አደረጋችሁ። የተሳለው ቢሆን ኖሮ የትም አይሄድም ነበር» አሉ። ወደ አዘጋጆቹም ዞረው «ለመዝጊያው ዝግጅት መድረኩ ላይ ያለውን ሰፊ ግድግዳ ስጧቸው። ሁሉም ሰው ሊያየው ይገባል» አሉ።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ሉሊት ግን ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም።

«ኢናስ፣ እኔ እኮ…»

ኢናስ ጎንበስ ብላ ወደ መድረኩ የሚወስዱትን የመኪና ባትሪ አንድ ጎን ያዘች።

«በዚያ በኩል ያዢ» አለቻት። «ለብቻዬ አይነሳልኝም።»