በቀትር እንቅልፍ የሚጫነው ቁልፍ

ለክቡራን የቻናሉ ተከታታዮች በሙሉ።

ከፍ ባለ የኃላፊነት ስሜት፣ ከወንበሬ ተነስቼ የሚከተለውን አስታውቃለሁ፦ የአንድ ላፕቶፕ ስክሪን ማደብዘዣ ቁልፍ ማንም ሳይነካው ተጫነ።

አለቀ። መግለጫው ይኸው ነው።

የሳቃችሁ ሳቁ። እኔም የመጀመሪያ ቀን ስቄያለሁ። ግን ፈጠራ አይደለም፤ በዓይኔ ያየሁት፣ በጆሮዬ የሰማሁት ነው። በዚህ ቁልፍ የተነሳ አጠገቤ የሚቀመጠውን ጓደኛዬን ቦሃንን ላጣው ነበር።

ላጣው ነበር ስል... አሁንም መልሼ ማግኘቴን እንጃ።

ቦታው ታይፔ፣ ኔይሁ ሰፈር፣ ሌሎች ኩባንያዎች ስማቸውን ለጥፈው የሚሸጧቸው ላፕቶፖች የሚሠሩበት ቢሯችን ነው። ሰዓቱ ከቀኑ ሰባት ሰዓት። ውጪው ጠራራ ፀሐይ።

እኛ ጋ ምሳ እንደተበላ መብራት ይጠፋል። መጋረጃ ይወርዳል። ፎቁ በሙሉ ጠረጴዛው ላይ ይደፋል፤ ያለው ደግሞ ተጣጣፊ አልጋውን ከጠረጴዛ ሥር ስቦ ይዘረጋል። መብራት እስኪበራ ማንም ጮክ ብሎ አያወራም።

እኔ አልተኛም ነበር። ድራይቨሩ አላለቀማ።

ለማታውቁ... በላፕቶፓችሁ አናት የተደረደሩት ቁልፎች፣ ድምፅ የሚቀንሰው፣ ስክሪን የሚያደበዝዘው፣ ካሜራ የሚዘጋው፣ በራሳቸው ምንም አያውቁም። ሲጫኑ ቁጥር ብቻ ነው የሚልኩት። ቁጥሯን ተቀብሎ «ሰውዬው ድምፅ ቀንሱ እያለ ነው» ብሎ ለኦፕሬቲንግ ሲስተሙ የሚነግረው ድራይቨሩ ነው። አስተርጓሚ በሉት። የማያውቀው ቁጥር ሲመጣበት «ያልታወቀ ቁልፍ ተጫነ» ብሎ ይጽፍና ዝም ይላል።

እኔ ዪንፈይ የዚያ አስተርጓሚ አስተማሪ ነኝ። ደክሞኛል።

ወሩ በጨረቃ አቆጣጠር ሰባተኛው ወር ነበር። በሰባተኛው ወር እኛ ጋ ሙታን የዓመት ፈቃድ ወጥተው ወደ ሕያዋን ይመጣሉ። በሕይወት ያለነው ግን የላፕቶፑ ርክክብ ስለደረሰ አልተፈቀደልንም።

መሥሪያ ቤቱ እንደ ደንቡ ደጅ ላይ ጠረጴዛ ዘርግቶ ጋበዛቸው። ፍራፍሬ፣ ኑድል፣ የታሸገ መጠጥ፣ እጃቸውን የሚታጠቡበት ውሃ ከነፎጣው። በስማቸው አንጠራቸውም፤ «ደጋጎቹ ወንድሞች» ነው የምንላቸው። የእጣኑ ዘንግ ነዶ እስኪያልቅ ድረስ ከጠረጴዛው ላይ ምንም ነገር አይነሳም። ከሚበላ ሰው አፍ አይነጠቅማ።

ቦሃን የሙከራውን ላፕቶፕ አብርቶ፣ ክዳኑን ከፍቶ፣ ከብርቱካኑና ከኑድሉ መሃል አስቀመጠው።

ጸጉሩ ኪቦርድ ላይ የሸበተው የቡድናችን አንጋፋ፣ ጋሼ ዡዋንግ፣ ደነገጠ።

«አንተ! ማሽን እዚህ ይቀመጣል? እንደ ሰው ማሽን አደብ የምታስገዛዋን አረንጓዴ የብስኩት ከረጢት ላዩ ላይ ጣል አድርገህ ቢሮ አትተወውም? እዚህ ጠረጴዛ ላይ የዋለ የእነሱ ነው!»

«ጋሼ፣ ሞካሪ ቅጠሩልን ስንል በጀት የለም ተባልን። እነዚህ በነጻ ናቸው።» ቦሃን ወደ ባዶው አየር እጅ ነሳ። «ወንድሞቼ፣ እስኪ ሁሉንም ቁልፍ ሞክሩልን። የማይሠራ ካለ ለእኔ ንገሩኝ። ቦሃን እባላለሁ። መስኮቱ ጋ ነኝ።»

«አፍህን ዝጋ፣ አንተ ልጅ!»

ሁላችንም ሳቅን።

ወዲያው አለቃችን ሽዌ ለስብሰባ ጠራችን። ቦሃን ላፕቶፑን ብድግ አድርጎ ሮጠ። እጣኑ ገና ግማሹ እንኳ አልነደደም ነበር...

በማግስቱ ቀትር ላይ መብራት ጠፋ።

ቦሃን ተጣጣፊ አልጋው ላይ ወዲያው ማንኮራፋት ጀመረ። ላፕቶፑ ጠረጴዛው ላይ ነው። እኔ በራሴ ኮምፒውተር ድራይቨሩ የሚጽፈውን እከታተላለሁ።

የላፕቶፑ ስክሪን ደበዘዘ።

«የእኔ ስህተት ነው» አልኩ በሆዴ። ሁሌም የእኔ ስህተት ነው።

ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ደበዘዘ... ደግሞ...

ድምፁ ወረደ። የካሜራው መብራት በራ። ጠፋ። በራ።

ከግራ ወደ ቀኝ ነው የሚሄደው። አንድም ቁልፍ ሳይዘል። ታጋሽ ሞካሪ እንደሚያደርገው።

ከዚያ ድራይቨሩ «ያልታወቀ ቁልፍ ተጫነ» ብሎ ጻፈ።

ቁጥሩን አየሁት። ያንን ቁጥር የሚልክ ቁልፍ ኪቦርዱ ላይ የለም። አልሠራነውም።

ቦሃን ዓይኑን ሳይገልጥ...

«አቤት» አለ።

ማንኮራፋቱ ቆሟል። ጭንቅላቱን ይነቀንቃል፤ በስልክ ቅሬታ የሚቀበል ሰው ነው የሚመስለው።

«እሺ... እሺ... እመዘግባለሁ...»

ጥቂት ቆይቶ ያው ቁጥር በድጋሚ መጣ። ያኔ ቦሃን ብንን አለ።

«በእንቅልፍህ ከማን ጋር ነው የምታወራው?» አልኩት።

«አንቺ ነሽ እንጂ ሳትተኚ የምትቃዢው» ብሎ ሳቀና ላፕቶፑን ሊያነሳ እጁን ሰደደ። ሳቁ ተቋረጠ። «ኪቦርዱ ላይ ውሃ ያፈሰሰው ማነው?»

ውሃ አልፈሰሰም። እያንዳንዱ ቁልፍ ላይ አንድ አንድ ጠብታ ብቻ ነበር። መሃል መሃሉ ላይ።

ከዚያ በኋላ በየቀትሩ እንደዚያው ሆነ። ቁጥሩ ሲመጣ ቦሃን «አቤት» ይላል። ሲደገም ይነቃል። ችግሩ፣ ሁለተኛው በየቀኑ እየዘገየ ሄደ።

ቦሃንም ተለወጠ። ቀልዱ ጠፋ። ከእንቅልፍ ሲነሳ ከንፈሩ ደርቆ፣ ዓይኑ ሥር ጠቁሮ ነው።

«ሰው ተኝቶ ይደክመዋል እንዴ?» አልኩት።

«ስሠራ ነው እኮ የዋልኩት» አለኝ። ከዚያ ያለውን ሰምቶ ራሱ ግራ ገባው።

በርክክቡ ዋዜማ፣ ቀትር ላይ፣ ቁጥሩ መጣ። ቦሃን «አቤት» አለ። በጨለማው ዳብሼ ጋሼ ዡዋንግ ጋ ደረስኩ።

«ጋሼ...»

«ተኝቻለሁ።»

«ቁልፉን ማነው የሚነካው?»

«ተኝቻለሁ አልኩሽ።»

«አንዴ ሲጫን ቦሃን ይሄዳል። ሲደገም ይመለሳል። በየቀኑ እየቆየ ነው... ጋሼ፣ አንድ ቀን ባይመለስስ?»

ወደ እኔ ዞሮ በሹክሹክታ...

«ሞክሩ ብሎ ሰጣቸው። ሳይጨርሱ ነጠቃቸው። ማሽኑን መልሺላቸው፣ ልጄ።»

«ነገ ደንበኛው ይረከበዋል እኮ።»

«እንግዲያው ተይኝ፣ ልተኛበት።» ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ወንበሬ ላይ ስመለስ ከሽዌ መልእክት ገብቷል፦ «ያ ያልታወቀ ቁልፍ የሚለውን ነገር ደንበኛው እንዳያየው። ችላ በይው። አንድ መስመር አይደል?»

እውነቷን ነው። አንድ መስመር ናት። ድራይቨሩን «ይሄ ቁጥር ሲመጣ እንዳልሰማህ ሁን» ትሉታላችሁ፤ ይሆናል። በሙያችን ማንም አያፍርበትም።

ደክሞኝ ነበር። መስመሯን ጻፍኳት።

ድራይቨሩ ዝም አለ። እንዴት ደስ የሚል ዝምታ መሰላችሁ... ግንባሬን ጠረጴዛው ላይ አስደግፌ እኔም እንደ ሰው ተኛሁ።

መብራት በራ።

ሰው ተንጠራራ። አልጋዎች ታጠፉ። ቦሃን አልተነሳም።

«ቦሃን!» ነቀነቅኩት። ይተነፍሳል። ከሽፋሽፍቱ ሥር ዓይኑ ወዲያና ወዲህ ይላል። ከንፈሩ ያለ ድምፅ ይንቀሳቀሳል። እመዘግባለሁ... እመዘግባለሁ... እጁን ያዝኩት፤ እርጥብ ነው።

«አምቡላንስ ጥሩ!» ጮኸች ሽዌ።

ያኔ ነው የገባኝ። የሚመልሰው የቁጥሩ ለሁለተኛ ጊዜ መምጣት ነበር። እንዳይሰማ ያደረግኩት እኔ ነኝ።

ወደ ኪቦርዴ ዘለልኩ። መስመሯን ፋቅኳት። በምትኩ ለዚያ ቁጥር ትርጉም ሰጠሁት። እያንዳንዱ ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚያውቀው አንድ ትእዛዝ አለ፤ ቀስቅስ የሚል። ያንን ሰጠሁት። ድራይቨሩን መልሼ ላፕቶፑ ላይ ጫንኩ።

ምንም የለም።

«መብራቱን አጥፉ!» አልኩ። እነሱ የሚመጡት መብራት ሲጠፋ ነው።

«አንቺ ልጅ፣ አበድሽ እንዴ?» አለች ሽዌ።

ጋሼ ዡዋንግ ነው ምንም ሳይናገር ሄዶ ያጠፋው። ፎቁ ሙሉ ሰው በጨለማ ቆመ። ማንም አልተኛም።

ስክሪኑ ደበዘዘ...

ድምፁ ወረደ...

የካሜራው መብራት በራ... ጠፋ...

ከግራ ወደ ቀኝ፣ እስከ መጨረሻው ቁልፍ። እዚያ ቆመ። የሆነ ነገር ይጠብቃል።

ለማን እንደምናገር አላውቅም፤ አፌ ግን ተናገረ።

«ወንድሞቼ... ማሽኑ የእናንተ ነው። ዳግም አንነጥቃችሁም። እሱን ብቻ መልሱልን።»

«ምን እያልሽ ነው? ነገ ርክክብ ነው!» ሽዌ ጆሮዬ ሥር።

«የእናንተ ነው» አልኩ ደግሜ፤ አሁን ጮክ ብዬ።

ዓይኔን ድራይቨሩ የሚጽፍበት ስክሪን ላይ ተከልኩ።

ቁጥሩ መጣ።

ቦሃን ዓይኑን ገለጠ።

የአምቡላንሱ ሰዎች ግፊቱን ለክተው «ሥራ በዝቶበት ነው» ብለው ሄዱ። ይሄንንማ ያለ መሣሪያም እናውቀው ነበር። ላፕቶፑን ጋሼ ዡዋንግ ታቅፎ ይዞት ወጣ፤ የት እንዳደረሰው አልጠየቅኩም። ርክክቡ ተራዘመ። ሽዌ አላናገረችኝም። ዓለም ግን አልፈረሰችም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ከቦሃን ጋር ወጣን። ብቻውን ልሰደው አልፈለግኩም።

ደህና ይመስላል። ራበኝ አለ። ሽዌን እንኳ አማልኝ። ተመስገን አልኩ።

መንገድ ልንሻገር ቆመን ሳለ ግን...

ቀኝ እጁ ወደ ታች ተዘርግቷል። ከሰውነቱ ትንሽ ራቅ ብሎ። ጣቶቹ ላላ ብለው ታጥፈዋል፤ ትንሽ ልጅ እንደሚያሻግር ሰው።

አረንጓዴው በራ። ቦሃን ወዲህም ወዲያም አይቶ ጉዞ ጀመረ። ረጅም ሰው ነው፤ እርምጃው ግን አጭር፣ በጣም አጭር ነበር። መኪኖቹ እየጠበቁ፣ ሰው ሁሉ እየቀደመን፣ ቀስ... ቀስ...

መሃል መንገድ ላይ ቆም አለ። ወደ ታች አየ። ጠበቀ። ከዚያ ቀጠለ።

«ቦሃን» አልኩ በሹክሹክታ።

«እ።»

«እጅህን የያዘው ማነው?»

ቀና ብሎ አላየኝም።

«አልነግርሽም» አለ። «አትጠይቂኝ።»