ምሬቱ ያልቀነሰው ብልቃጥ

ሰውየው በላቦራቶሪው የብረት ደረጃ ሥር ተንጋሎ፣ አንድ ጫማው ወልቆ ተገኘ። ቀኑ የዕረፍት ቀን ነበር። ሰው ሁሉ ከቤተሰቡ ጋር በሚውልበት ቀን ሥራ የሚገባው ትጋት ብቻ ገፍቶት አይደለም፤ ቤት የሚጠብቀው ስላልነበረው ነው። መርማሪዋ የሟቹን ቤት መሳቢያ ስትከፍት አንድ ማንኪያ፣ አንድ ሹካና አንድ ብርጭቆ አገኘች። የራሷ ቤት ዕቃም ከዚህ ብዙም ስለማይበልጥ መሳቢያውን ቶሎ መለሰችው።

ግቢው ያለው አንድ በር ብቻ ነው። በበረኛው መዝገብ መሠረት ሟቹን ሊያዩ የገቡት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ የወጣው ታናሽ ወንድሙና ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ የወጣችው ረዳቱ። ሐኪሙ ሞቱን ከሰባት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ከማድረግ በላይ ሊያጠብበው አልቻለም። ያጠበቡት ብልቃጦቹ ናቸው። ሟቹ በየሰዓቱ እየሞላ የሚደረድራቸው፣ ሰዓት የተጻፈባቸው ብልቃጦች እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ሞልተው ተገኙ። እስከዚያ በሕይወት ከነበረ ደግሞ ግቢው ውስጥ አብረውት የቀሩት ሽማግሌው በረኛ ብቻ ናቸው። ከታሰሩ ሁለት ቀናቸው ነው፤ ነገ ጠዋት ይከሰሳሉ። በሰባ ዓመታቸው የሚገቡበት እስር ቤት መውጫ እንደሌለው እሳቸውም መርማሪዋም ያውቃሉ።

«አባባ፣ ከሟቹ ጋር ተጣልተው ነበር?»

«ምን ቆርጦኝ፣ እትዬ! ጠዋት ‹እንዴት አደሩ›፣ ማታ ‹ደህና ይደሩ› የሚለኝ እሱ ብቻ ነበር። እሱን ገድዬ ከማን ጋር ላወራ ነው?»

ወንድምየው ዓይኑ ቀልቶ ነበር። «ምሳ አብረን እንብላ ልለው መጣሁ። ‹ልጣጬን ጥዬ አልሄድም› አለኝ። ሃያ ዓመት የሰማሁት መልስ ነው። ተናድጄ ወጣሁ።»

ረዳቲቱን ያነጋገረቻት እዚያው ላቦራቶሪው ውስጥ ነው።

«ይህ ሁሉ ልጣጭ ምን ያደርጋል?»

«የመራራ ብርቱካን ልጣጭ ነው። ውስጡ ጠቃሚ ንጥረ ነገር አለ፤ ግን ስኳር ተጣብቆበት ስለሚገኝ ይመራል፣ ሰውነትም በቀላሉ አይቀበለውም። ኢንዛይም ስንጨምርበት ስኳሩን ቀስ በቀስ ይቆርጥለታል። ሰዓቱ በሄደ ቁጥር ምሬቱ ይቀንሳል።»

«ብልቃጦቹስ?»

«በየሰዓቱ ልጣጩ ከተዘፈዘፈበት ጋን እንቀዳና ወዲያው የፈላ ውሃ ውስጥ እንነክራለን። ሙቀቱ ኢንዛይሙን ስለሚገድለው ምሬቱ በደረሰበት ይቆማል። ካልተቀቀለ ግን ብልቃጡም ውስጥ ሥራውን ይቀጥላል፤ በማግስቱ ምሬት የሚባል አይኖረውም።»

«ሰዓቱን የሚጽፈው ማነው?»

«እሳቸው ናቸው። ጠዋት ጽፈው ባዶዎቹ ላይ ይለጥፋሉ።»

«ስትወጪ ደህና ነበር?»

«ደህና ነበሩ። ‹የዘጠኙን እኔ እቀዳለሁ፣ ሂጂ› አሉኝ።»

ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። እያወራች ግን ከመደዳው የወጣውን አንድ ብልቃጥ በጣቷ መልሳ አሰለፈችው።

በነጋታው ማለዳ ሁሉም ላቦራቶሪው ውስጥ ተሰበሰቡ። በረኛው እጃቸው በካቴና ታስሮ መጡ። መርማሪዋ መርዝ እንደሌለባቸው የተረጋገጠላቸውን ብልቃጦች ለወንድምየው አቀረበች።

«ከአምስት ሰዓቱ ጀምረው ይቅመሱልኝ።»

ፊቱ ተኮማተረ። «ሐሞት ነው።» ስድስቱን ቀመሰ፣ ሰባቱን ቀመሰ። «እየተሻለው ነው። የስምንቱ ያስኬዳል፤ ምሬቱ ግን ገና አለ።» ዘጠኙ ላይ ቆም አለ። «ይሄ ያው ነው። አሥሩም ያው። አሥራ አንዱም።»

«ኢንዛይሙ ስምንት ሰዓት ላይ አድማ አልመታም» አለች መርማሪዋ። «አራቱም ብልቃጦች የተቀዱት በአንድ ጊዜ፣ ወደ ስምንት ሰዓት ገደማ ነው። ሟቹ ከዚያ በኋላ በሕይወት የነበረ ለማስመሰል። አባባ ገድለው ቢሆን ራሳቸውን የሚያስይዝ ማስረጃ አይሠሩም ነበር። ወንድምየው ደግሞ ስምንቱ ከመቀዳቱ በፊት ወጥተዋል።»

ረዳቲቱ መሬት መሬቱን ታያለች።

«ደግሞም ብልቃጦቹ ተቀቅለዋል። ባይቀቀሉ ኖሮ እስከ ዛሬ ምሬታቸው ጠፍቶ፣ እኔም ሥራው አልቆ ነው ብዬ አልፍ ነበር። ሬሳ ደረጃ ሥር አጋድሞ ብልቃጥ የሚቀቅል፣ አሥራ አንድ ዓመት ሲቀቅል የኖረ እጅ ብቻ ነው።»

ረዳቲቱ ቀና ብላ ብልቃጦቹን አየች። «ሳልቀቅል ማስቀመጥ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ‹ወሩ ሲያልቅ ሌላ ቦታ ልሄድ ነው› አሉኝ። ‹እኔስ?› አልኳቸው። ‹አንቺ ምን?› አሉኝ። አሥራ አንድ ዓመት እዚህ ክፍል ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን፤ እኔ ሌላ ሰው የለኝም። ገፋኋቸው። ደረጃው አፋፍ ላይ መሆናችንን ረስቼው ነበር።»

ካቴናው ሲፈታላቸው በረኛው ወደ እሷ ዞሩ።

«እኔንስ፣ ልጄ? ዛሬ ሊከሱኝ ነበር እኮ። ምን በድዬሽ ነው?»

«ምንም» አለች። «ብልቃጦቹን ስሞላ እሳቸው ከመሞታቸው በፊት የወጣሁ እንዲመስል ብቻ ነበር የማስበው። እርስዎ ትዝ አላሉኝም፣ አባባ።»

ሽማግሌው አንገታቸውን ነቀነቁ። ከዚያ እጃቸውን እያሻሹ ቀስ ብለው ደረጃውን ወረዱ፤ እሷን የጫነው መኪና እንዲወጣ በሩን የሚከፍት ሌላ ሰው አልነበረም።