የተቃጠለውን ደን ውኃ የምታጠጣው

ጅን አየሁ፣ ጥላ ተከተለኝ የሚል ሰው ሲያወራ ከሚስቁት አንዷ ነበርሁ። አባቴ ወረታ ላይ ጨርቅ ነጋዴ፣ እኔ ደግሞ በደርግ ዘመን ባሕር ዳር በደን ሥራ የተቀጠርሁ፣ ከችግኝና ከግንድ ጋር የምውል ሴት ነኝ፣ እንዲህ ያለ ወሬ በአንዱ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ያን ቀን የሆነውን ግን፣ ወላሂ፣ እስከ ዛሬ ለራሴም ማስረዳት አልቻልሁም።

ዝናቡ ከዓመት ዓመት እየዘገየ በመጣበት ጊዜ ነው። በታንኳ የሚደረስበት አንድ የቤተ ክርስቲያን ደን በበጋው ተቃጠለ። አለቃዬ ጠሩኝና፣ "ሂጂና እይው። ሞቷል ካልሽ የገበሬ ማኅበሩ በትራክተር አርሶ በቆሎ ይዘራበታል፤ ይድናል ካልሽ ይቆያል" አሉኝ፣ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ሞቷል ብትይ ግን ለሁላችንም ይቀላል" ብለው ጨመሩ። በዚያ ዘመን እንዲህ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

የደኑ ጠባቂ አባ ይትባረክ ሐይቁ ዳር ቆመው ጠበቁኝ፣ ውኃ የሞላ ቅልም ዘረጉልኝ።

"ልጄ፣ የተቃጠለ ደን ለቅሶ ቤት ነው፤ ባዶ እጅ አይገባም። አንዱ ሥር ጠብ ታደርጊለታለሽ፣ የአባቶቻችን ልማድ ነው።"

"አባ፣ በአንድ ቅል ውኃ ደን አይድንም፤ ታንኳዋም ሳይመሽ መመለስ አለባት" አልኋቸውና ቢላዬን ብቻ ይዤ ወጣሁ። ቅሉን ድንጋይ ላይ አስቀመጡት።

መቼም የእኛ ሥራ ቀላል ነው፣ ቅርፊቱን በቢላ ፋቅ ታደርጉታላችሁ፣ ውስጡ አረንጓዴ ከሆነ ዛፉ በሕይወት አለ፣ ደረቅ ከሆነ አበቃለት። ዋንዛውን ፋቅሁት፣ ደረቅ። ወይራውም ደረቅ፣ ዶቅማውም እንደዚያው። አመዱ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ይውጠኛል፣ ወፍ የለ፣ ዝንብ የለ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ አንጀቴን በላኝ። ሞቷል ብዬ ልጽፍ ወሰንሁ።

ያኔ ነው ከበላዬ ውኃ ሲንቆረቆር የሰማሁት። ቅል ሲገለበጥ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ፣ ዝም ይላል፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ራቅ ብሎ ይንቆረቆራል። "ማን ነው?" አልሁ። ዞር ስል ቅድም የፋቅሁት ዋንዛ ሥሩ ርሷል፣ ሮጬ ሄጄ ከቅድሙ ጭረት አጠገብ ፋቅሁት፣ አረንጓዴ! ወይራውም አረንጓዴ! ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፣ ማን እንዳጠጣቸው ለማየት ጎንበስ እስክል ድረስ።

አመዱ ላይ እርጥብ የባዶ እግር ዱካ አለ፣ ከሐይቁ ወደ ላይ የሚወጣ፣ የሚመለስ ግን የለውም። ልጅ ሳለሁ ሙቀጫ ወድቆባት የቀኝ እግሬ ትንሿ ጣት ወደ ውጭ ተጣማ ቀርታለች። ዱካው ላይም ያችው ጣት ወደ ውጭ ተጣማለች። እኔ ደግሞ ጫማ አድርጌያለሁ፣ እመኑኝ፣ ክሩን እንኳ አልፈታሁም።

እንዴት እንደወረድሁ አላውቅም። ድንጋዩ ላይ ቅሉ የለም። አባ ይትባረክ ከኋላዬ አሻግረው እያዩ፣ "ልጄ፣ ያችኛዋን የት ተውሻት?" አሉኝ።

"የትኛዋን?"

"ቅሉን አንስታ የተከተለችሽን። እኅትሽ መስላኝ።"

ይድናል ብዬ ጻፍሁ። አለቃዬ አኮረፉኝ፣ ትራክተሩ ግን ቀረ። ክረምቱ ዘግይቶም ቢሆን ሲገባ ዋንዛው ከሥሩ አቆጠቆጠ፣ ብሳናው ከአመዱ ውስጥ በቀለ፣ ዛሬ ጥቅጥቅ ያለ ደን ነው። ደስ ይለኛል፣ ግን ተመልሼ አልረገጥሁትም።

ዘንድሮም ዝናቡ ዘገየ። ባለፈው ገበያ አንድ የማውቀው ታንኳ ቀዛፊ አስቆመኝና፣ "እትዬ፣ ምነው ትናንት ከደኑ ዳር በቅል ውኃ ሲቀዱ ጠርቼዎት ዝም አሉኝ?" አለኝ።

እሱ ትናንት ያለውን ቀን ሙሉ ከቤቴ አልወጣሁም ነበር። "አልሰማሁህ ይሆናል ልጄ" ብዬው አለፍሁ።