በሊንኩ ሥር የተገኘው አፍ

መጀመሪያ የተገኘው አፍ ነበር። ዓይን የለው፣ ግንባር የለው፣ አገጭ የለው። ከላይና ከታች ተቆርጦ የቀረ፣ በሳቅ የተከፈተ፣ አንድም ጥርስ የሌለበት አፍ።

የተገኘው ደግሞ ሊገኝ በማይገባው ቦታ ነው። አንድ ስመ ጥር የጥርስ ሐኪም የክሊኒኩን አዲስ ድረ ገጽ ሊንክ ለወዳጅ፣ ለዘመድ፣ ለደንበኛና ለሙያ ባልደረባ ሁሉ ልኮ ነበር። አፉ የወጣው ከዚያ ሊንክ ሥር ነው። ከአፉ በታች በደማቅ ፊደል «ፈገግታዎ ሥራችን ነው» ይላል።

ወንጀሉ ሲታወቅ አንድ የፖሊስ መርማሪ የሐኪሙ ወንበር ላይ ተንጋሎ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ነፍሰ ገዳይ ሲያስለፈልፍ የኖረ ሰው፣ መርፌ ሲያይ ግን ዓይኑን ይጨፍናል። ማደንዘዣውን ተወግቶ፣ መንጋጋ ጥርሱ ተቦርቡሮ፣ ሊሞላለት ሲል የሐኪሙ ስልክ ጮኸ።

የደወለው የሙያ ባልደረባ ነው። ሳቁ ወንበሩ ድረስ ይሰማል።

«ዶክተር፣ ይሄ ከሕክምና በፊት ነው ወይስ በኋላ?»

ሐኪሙ ሊንኩን የላከበትን መልእክት ከፍቶ አየ።

«የማን አስቀያሚ አፍ ነው ይሄ!»

በሩ ክፍት ስለነበር ጩኸቱ መጠበቂያ ክፍሉ ድረስ ተሰማ። እዚያ ያሉት ሁለት ሴቶች ናቸው፤ እንግዳ ተቀባይዋና የሐኪሙ እናት። እናትየው ከክሊኒኩ በላይ ካለው ቤታቸው ወርደው፣ ሰማያዊ ዘርፍ ያለው ሻርፕ ደርበው፣ መስኮቱ ሥር ሹራብ ሲሠሩ ይውላሉ። መርማሪው ሲገባ ሰላም ብሏቸው ነበር። ሻርፓቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ሲመልሱለት ጉንፋን የያዛቸው መስሎት ራቅ ብሎ ተቀመጠ።

«ይሙሉልኝ እንጂ፣ ዶክተር» አለ መርማሪው፤ ግማሽ አፉ ስለደነዘዘ ቃላቱ እየተንሸራተቱበት።

«እጄን አያዩትም? እየተንቀጠቀጠ እኮ ነው! ይህን የሠራው ሰው ሳይታወቅ መሣሪያ ብይዝ ምላስዎን ነው የምበሳው።»

«ማደንዘዣውስ ይቆያል?»

«ብዙም አይቆይም።»

መርማሪው ለደሞዝ ብሎ ብዙ ወንጀል አውጥቷል። ለገዛ መንጋጋው ሲል ሲመረምር ግን ይህ የመጀመሪያው ነው። ቀና ብሎ ተቀመጠ።

«ይህ አፍ የየትኛው ታካሚ ነው?»

«የማንም! እኔ ሰው በስሙ ሳይሆን በአፉ ነው የማውቀው። ይህ አፍ እዚህ ወንበር ላይ ተከፍቶ አያውቅም!»

«ማንን ይጠረጥራሉ?»

«ማዶ ያለውን ነዋ!»

ማዶ ያለው ሌላ የጥርስ ሐኪም ነው። ተደወለለት። ሳቁን ለመዋጥ እየታገለ መለሰ።

«እኔ ምን በወጣኝ! የራሴን ዌብሳይት እንኳ የምትከፍትልኝ የእህቴ ልጅ ናት። ሊንኩን ግን ለደንበኞቼ ሁሉ አስተላልፌልሃለሁ። ለጎረቤት መተባበር ነው መቼም።»

ሐኪሙ ስልኩን ሊወረውር ሲል መርማሪው እጁን ያዘው። የማዶው ሐኪም ደስታ ያልተጠበቀ ሲሳይ ያገኘ ሰው ደስታ ነው፤ ያሰበበት ሰው እንዲህ አይስቅም።

እንግዳ ተቀባይዋ ተጠራች።

«የዕረፍት ፈቃድ ጠይቀሽ ተከልክለሻል አሉ» አለ መርማሪው።

«ተከልክያለሁ።»

«ተናደሻል?»

«በጣም። ግን እኔ ስናደድ ቀጠሮ ነው የማደበላልቀው።»

«ያ ሁሉ ሕፃን በአንድ ጠዋት የመጣው…» አለ ሐኪሙ ዓይኑ ፈጦ።

«እሱ እኔ ነኝ፣ ዶክተር። ይሄ ግን የኔ ሥራ አይደለም።»

መርማሪው አመናት። ሳትጠየቅ የተናዘዘች ሴት ሌላውን የምትደብቅበት ምክንያት የለም። በዚህ መካከል ከመንጋጋው ሥር አንድ ነገር ቁንጥጥ አደረገው።

ቀጥሎ ድረ ገጹን የሠራው የሐኪሙ የሚስት ወንድም መጣ። ሁሉም «ኬብል» ነው የሚለው፤ ኪሱ ያለ ገመድ አይገኝም።

«ድረ ገጹን ሰብረው ገብተው ነው፣ ጋሼ!» አለ ገና ከበሩ። «አሁኑኑ ላጥፋው።»

«እንዳትነካ!» አለ መርማሪው። «ድረ ገጹን ስከፍተው ንጹሕ ነው። አፉ የቱ ጋ ነው ያለው?»

«ገጹ ላይ አይታይማ። ሊንኩ ሲላክ ብቻ እንዲወጣ ከጀርባ የሚቀመጥ ፎቶ አለ። ቢጠፋም ደግሞ የተላከው ተልኳል፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በዚያ ላይ ፎቶውን የሚቆርጡት መልእክት መላኪያ መድረኮቹ ናቸው፤ አንዱ መድረክ በቁመት ይቆርጠዋል፣ አንዱ በወርድ…»

ኬብል አፉን በእጁ ከደነ። ዘግይቶ ነበር።

«ተቆርጦ ነው ካልክ፣ ሙሉውን አይተኸዋል ማለት ነው» አለ መርማሪው።

«እኔ… እንዲያው ግምቴን…»

መርማሪው ጉንጩን ደግፎ ስልኩን አወጣ። «ሊንኩን ባሉት መድረኮች ሁሉ ላክልኝ። አንድም እንዳታስቀር።»

ኬብል ጣቱ እየተጎተተ ላከ። በመጀመሪያው ያው ጠባብ አፍ ወጣ። በሁለተኛው አገጭ ተጨመረ። ሦስተኛው ፎቶውን ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ታች ሰፋ አድርጎ አራት ማዕዘን አወጣው፤ አፍ፣ አገጭ፣ አንገት፣ ከአንገቱ ላይ ደግሞ ሰማያዊ ዘርፍ ያለው ሻርፕ።

መርማሪው ቀና ብሎ በክፍቱ በር ወደ መስኮቱ አየ። ሹራቡ ቆሟል።

«እሱን ተወው፣ ልጄ» አሉ እናትየው መርማሪውን፣ እየተነሡ። «ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ዕቃ አንሥቼ እንዳልፈነክተው ፈርቶ ነው እሺ ያለኝ።»

«እማዬ?» አለ ሐኪሙ።

«የልጅህ ልደት ቀን ስስቅ ያነሣኝ ነው።» ሻርፑን ከአፋቸው ላይ አወረዱ። «ቤት የሚመጣው ሁሉ ‹ጥርስ ሐኪም ወልደው፣ ታድለው› ይለኛል። እኔ አፌን ሸፍኜ ተመስገን እላለሁ። አንተ ‹በሚቀጥለው ሳምንት፣ እማዬ› ትለኛለህ፤ ሳምንቱ ሲመጣ ታካሚ ይመጣል። ለአገሩ ሁሉ ስትልከው አንተም ታየዋለህ፣ አይተህም ታውቀኛለህ ብዬ ነበር። አንተ ‹የማን አስቀያሚ አፍ ነው› አልክ።»

ሐኪሙ አንገቱን ደፋ። መርማሪው ብዙ ወንጀለኛ ሲያዝ አይቷል፤ ከሳሽ እንዲህ ሲያፍር ግን አይቶ አያውቅም። አዘነለት። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። ደግሞስ ሰውዬው መቼ ዋሸ? ያ አፍ እውነትም እዚያ ወንበር ላይ ተከፍቶ አያውቅም።

«ነዪ፣ እማዬ» አለ ሐኪሙ በመጨረሻ፣ ዓይኑን እየጠረገ። «አሁኑኑ ነዪ፣ ተቀመጪ።»

እናትየው ወንበሩን አዩት። መርማሪው ተቀምጦበታል።

«ሰውየውን ጨርሰው። እኔ መጠበቅ ለምጃለሁ።»

መንጋጋው እንደ ከበሮ መምታት ጀምሯል። መርማሪው ያችን «ለምጃለሁ» ሲሰማ ግን መቀመጥ አቃተው፤ ወረደና ክንዳቸውን ይዞ ወንበሩ ላይ አስቀመጣቸው።

ሐኪሙ መብራቱን አስጠግቶ የእናቱን አፍ አየ። እጁ መንቀጥቀጡን ትቷል።

«ጋሼ፣ ፎቶውን ላውርደው?» አለ ኬብል በሹክሹክታ።

«ተወው» አለ ሐኪሙ፤ «አጠገቡ ከሕክምና በኋላ ያለው እስኪቀመጥ ድረስ።»

መጠበቂያ ክፍል ውስጥ እንግዳ ተቀባይዋ መዝገቧን ገልጣ ጉንጩን የያዘውን መርማሪ ቀና ብላ አየችው።

«ለመቼ ልያዝልዎ፣ ኢንስፔክተር? በሚቀጥለው ሳምንት?»