የፊሽካው ሕግ

መኪናዋ ከተራራው አናት ቁልቁለቱን ልትጀምር ስትል ሁኔታው እንዲህ ነበር። አራቱም ጎማዎች በቂ ነፋስ ነበራቸው። የፍሬን ዘይቱ ሙሉ ነው፤ ጋራዥ ገብታ ከታየችም ገና ሳምንቷ ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ አስፋልቱ ደረቅ ነበር። በውስጧ አራት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ አራቱም ጤነኞች ናቸው፣ አራቱም ይስቃሉ።

መሪውን የያዘው የመኪናዋ ባለቤት፣ ጓደኞቹ ካፒቴን የሚሉት የኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። አጠገቡ ጋቢና ውስጥ ጉልበቱን አጣጥፎ የተቀመጠው ደግሞ ኤሌክትሪሽያኑ ሲሆን፣ ከቁመቱ የተነሳ አንቴና ይባላል። ከኋላ የአንቴና ታላቅ እህት አለች፤ ክሊኒክ ውስጥ በላቦራቶሪ የምትሠራ፣ «ጨው እንኳ ለክታ ነው የምትጨምረው» እየተባለች ሚዛን የሚል ስም የወጣላት ናት። ከጎኗ የሕፃናት መምህርት የሆነችው ጓደኛቸው ተቀምጣለች። አራቱም አንድ ሰፈር ያደጉ፣ በየበጋው ዕረፍት መኪና ሞልተው ተራራ ለተራራ የሚዞሩ ናቸው።

እነዚህ ጓደኛሞች ሌላ ቦታ የማይገኝ አንድ ሕግ ነበራቸው። ከፊት መስተዋቱ ላይ ቀይ የላስቲክ ፊሽካ ተንጠልጥሏል። ሹፌሩን «ቀስ በል»፣ «ተጠንቀቅ»፣ «ምነው እንዲህ ትነዳለህ» ብሎ የተናገረ ሰው ፊሽካውን አንገቱ ላይ አስሮ ይውላል። ስሙ ቀርቶ «ትራፊክ» ይባላል፤ መናገር ሲፈልግም አስቀድሞ መንፋት አለበት። ሕጉ የወጣው ለሳቅ ነበር። ጎጂ ልማድ ሁሉ «ጎጂ ነኝ» ብሎ በር አያንኳኳም፤ ብዙው የሚገባው ከሳቅ ጋር ተቃቅፎ ነው።

ባለፈው በጋ ፊሽካው የሚዛን ዕጣ ነበር። «ኩርባ ላይ አትቅደም» በማለቷ ምሳ ቤት ውስጥ ሳይቀር እየነፋች ውሃ አዘዘች። አስተናጋጁ ሳቀ፤ በየጠረጴዛው ያለው ሰው ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። በልቧ ግን «ሁለተኛ ምን ቆርጦኝ እናገራለሁ!» ብላ ነበር።

ቁልቁለቱ ሲጀምር ካፒቴን ማርሹን ዜሮ ላይ አድርጎ መኪናዋን ለቀቃት።

«ከእንግዲህ የሚነዳን ተራራው ነው፤ ነዳጅ በነፃ!» አለ።

«አንተ እኮ ለሠርግህም እንግዳውን በእግሩ ነው የምታስመጣው» አለው አንቴና።

«መጀመሪያ የምታገባኝ ትገኝ እንጂ!»

ማርሽ የገባለትን መኪና ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ራሱ ይዞ ያወርደዋል። ማርሽ ከሌለው ግን ክብደቱ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል፤ ፍሬንም ዕረፍት ሳያገኝ ሲረገጥ ይግላል፤ ሲግል መያዝ ያቆማል። ይህን ለማወቅ መካኒክ መሆን አያስፈልግም። በመኪናዋ ውስጥ ያሉት አራቱም ያውቁት ነበር።

መጀመሪያ ሽታው መጣ። የሚዛን አፍንጫ በሥራዋ የሠለጠነ ነው፤ የነደደ ጎማ እንዳልሆነ፣ የተቃጠለ ጨርቅም እንዳልሆነ ለየችው። በሁለቱ መካከል ያለ፣ ምላስ ላይ እንደ ብረት የሚቀር ሽታ ነበር። ከየት እንደሚመጣም ገባት። አፏን ከፈተች። ዓይኗ ፊሽካው ላይ አረፈ። አፏን ዘግታ መስኮቱን ከፈተች።

«ምነው፣ ሞቀሽ?» አላት ካፒቴን በመስተዋቱ እያያት።

«ትንሽ።»

«ፊሽካው ናፍቋት ነው!» አለች መምህርቷ። ሳቁ።

አንቴና አንገቱን በመስኮት አውጥቶ የፊቱን ጎማ ተመለከተ። ሲመለስ ፊቱ ላይ ሳቅ አልነበረም። ወደ ኋላ ዞሮ እህቱን አያት። ቃል አልወጣውም፤ ፊቱ ግን ጥያቄ ነበር፦ ታላቄ አንቺ ነሽ፣ ምን እናድርግ? ሚዛን ዓይኗን ወደ ገደሉ መለሰች። እሱም ቀስ ብሎ ወደ ፊት ዞረ።

ጥቂት ኩርባዎችን ዝም ብለው ወረዱ። ከዚያ ካፒቴን ፔዳሉን ሲረግጠው እስከ ወለሉ ገባ። ደግሞ ረገጠ። የእጅ ፍሬኑን ሳበ። ማርሽ ለማስገባት ታገለ፤ ማርሹ ጮኸ እንጂ አልገባም። መኪናዋ የመንገዱን ዳር ብረት በጋቢናው በኩል መትታ ተገለበጠችና ከታች ያለ ትልቅ ድንጋይ አቆማት። ሦስቱ በሕይወት ወጡ። አንቴና አልወጣም።

ለእሱና ለሚዛን እናት የተነገራቸው «ፍሬኑ በድንገት እምቢ አለ» የሚል ነበር። ሦስቱ ተማክረው አይደለም፤ ሦስቱም ለየብቻቸው ሲጠየቁ ያችኑ «በድንገት» የምትል ቃል አመጡ። እናትየውም ቃሏን ይዘው ለሚያጽናናቸው ሁሉ «በድንገት ነው አሉ» እያሉ አለቀሱ።

ሽታው ግን ሚዛንን ተከትሎ ከተራራው ወረደ። ላቦራቶሪ ውስጥ ናሙና እያየች ሳለ ድንገት ይመጣል፤ ተነስታ መሣሪያውን ሁሉ ከሶኬት ትነቅላለች።

«የሚቃጠል ነገር አይሸትህም?» ትላለች ባልደረባዋን።

«ኧረ ምንም የለም። ደግሞ ጀመረሽ?»

ቤት ስትገባ ካውያውን ታሸታለች፣ ምድጃውን ታሸታለች፣ የገዛ መዳፏን ታሸታለች። አውቶቡስ ውስጥ ከፊቷ የተቀመጠ ረጅም ሰው አንገቱን ወደ ኋላ ሲያዞር ተነስታ ወንበር ትቀይራለች። ወንድሟ በሕልሟ መጥቶ ቢወቅሳት፣ ቢጮህባት በተሻላት ነበር። እሱ ግን ያኔም አልጮኸም፤ አሁንም ዞሮ ያያታል፣ መልስ ይጠብቃል፣ ቀስ ብሎ ወደ ፊት ይዞራል።

አንድ ቀን ከመምህርቷ ጋር ካፒቴንን ሊጠይቁ ሆስፒታል ሄዱ። እግሩ በጄሶ ታስሮ ነበር። መምህርቷ ብርቱካን ልትልጥለት ይዛ ሳትልጥ ቀረች።

«ሸቶኝ ነበር» አለች። «ሚዛን መስኮቱን ስትከፍት እሷንም እንደሸተታት ገብቶኛል። ስለፈራሁ ነው የቀለድኩት።»

ካፒቴን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «እኔንም ሸቶኛል። ፔዳሉ መላላት ሲጀምርም አውቄያለሁ። አንዳችሁ አቁም ብትሉኝ ብዬ እየጠበቅኩ ነበር።»

«አንተው ራስህ አታቆምም ነበር?» አለችው ሚዛን።

«ካፒቴን ፈራ ትሉኛላችሁ ብዬ ነዋ።»

ብርቱካኑ ሳይላጥ ኮመዲኖው ላይ ቀረ። ከዚያ ቀን በኋላ ሦስቱ ስለዚህ ነገር አልተነጋገሩም። ለእናትየውም አልነገሯቸውም፤ «ቁስላቸውን ምን ያስነካናል» ተባባሉ። ልጁን የገደለው ዝምታ እንዲህ አድርጎ ሌላ ልብስ ለብሶ ተመለሰ፤ አሁን ደግሞ ርኅራኄ ተባለ።

ዓመቱ ዞሮ በጋው ሲመጣ እናትየው «የወደቀበትን ቦታ አሳዩኝ» አሉ። ካፒቴን ከዚያ ወዲህ መሪ ይዞ አያውቅምና መኪና ከነሹፌሩ ተከራዩ። ሹፌሩ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ጨዋታ የሚያውቁ ሰው ነበሩ። እናትየው ጋቢና ተቀመጡ፤ ሦስቱ ከኋላ። ከአናቱ ላይ ቁልቁለቱ ሲጀምር የሞተሩ ድምፅ ዝቅ አለ። ሚዛን የሹፌሩን እጅ አየች። ማርሹ ዜሮ ላይ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ሽታው መጣ።

ግን ዓመቱን ሙሉ ሲሸታት የኖረ አይደለም እንዴ? ላቦራቶሪ ውስጥ፣ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ምንም በማይቃጠልበት ቦታ ሁሉ! በገዛ አፍንጫዋ መታመን ካቆመች ቆይታለች። ወደ ጎን ስታይ ካፒቴን ዓይኑን ጨፍኗል፤ መምህርቷ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛለች። ከፊት የእናቷ ሽበት በነፋሱ ይንቀሳቀሳል። የተቀመጡት አንቴና በነበረበት በኩል ነው።

«ሸተተሽ?» አለች ሚዛን በሹክሹክታ።

«እኔ እንጃ» አለች መምህርቷ። «ተይ ባክሽ፣ ትልቅ ሰው ናቸው። በሐዘን ቀን ነገር አናንሳ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።»

«ዝንብ አይገባም፤ አፈር ግን ይገባል።» ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «ጋሼ፣ ያቁሙልን።»

«ምነው ልጄ፣ አመመሽ?»

«ፍሬኑ እየሸተተ ነው። ማርሽ ያስገቡና ያቁሙ።»

ሹፌሩ ሳቁ። «እኔ በዚህ መንገድ ስመላለስ አንቺ ገና አልተወለድሽም። የተራራ አየር ነው የሸተተሽ።»

«ሊሆን ይችላል። ከተሳሳትኩ ይሳቁብኝ፤ ግን ከቆምን በኋላ ይሳቁ።»

«ኧረ ተይ፣ ልጄ፤ ደረስን እኮ!»

«ያቁሙ ጋሼ» አለ ካፒቴን ዓይኑን ገልጦ። «እኔንም ሸቶኛል።»

«እኔንም» አለች መምህርቷ። ድምፅዋ የተማሪዎቿን ያህል ቀጥኖ ነበር።

ሽማግሌው ቅር እያላቸው ከባድ ማርሽ አስገቡ። ሞተሩ አጓራ፤ መኪናው ተጎተተ። ሰፋ ያለ የመንገድ ዳር ላይ ቆመው ወረዱና እጃቸውን ወደ ፊቱ ጎማ አስጠጉ፤ ሳይነኩት ፈጥነው ሰበሰቡ። ከውስጥ ቀጭን ጭስ ይወጣል። ኮፍያቸውን አወለቁ።

«በዚህ ዕድሜዬ አንድ ሰው አቁም ብሎኝ አያውቅም» አሉ። «ሁሉም አመሰግናለሁ ብሎኝ ነው የሚወርደው።»

እናትየው ቀስ ብለው ወርደው ከጎማው አጠገብ ቆሙ። አየሩን ወደ ውስጥ ሳቡ። ከዚያ ሦስቱንም አንድ በአንድ አዩ።

«ያን ቀንም እንዲህ ሸቶ ነበር?»

ካፒቴን አንገቱን ደፋ። መምህርቷ ማልቀስ ጀመረች።

«አዎ፣ እማዬ» አለች ሚዛን። «ሁላችንንም ሸቶን ነበር። እሱንም።»

«እና አንድም ሰው አልተናገረም?»

«አንድም ሰው። እሱ ዞሮ አይቶኝ ነበር፤ እኔ ፊቴን አዞርኩበት።»

እናትየው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሚዛን እጇን ዘረጋችላቸው፤ አልያዙትም።

«ገደላችሁት አልልም» አሉ በመጨረሻ። «ምንም አይደለም ብዬም አልዋሽሽም፤ ከብዶኛል፣ ሲከብደኝም ይኖራል። ግን እኔስ? ‹ሰው ፊት ዝም በሉ፤ የሰው ስህተት አታውጡ› እያልኩ ያሳደግኳችሁ እኔ አይደለሁም? ጨዋ ልጆች አሳደግኩ ብዬ ስኮራ ነበር።» ጎማውን በዓይናቸው ጠቆሙ። «ጨዋነት ይህ ከሆነስ ይቅርብኝ። ከዛሬ ጀምሮ በቤቴ የሚቃጠል ነገር የሸተተው ሰው ይጩህ። ባይሆን እንስቃለን።»

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ይህ ታሪክ የተጻፈው ስለ ፍሬን ብቻ አይደለም። በየቤታችን፣ በየመሥሪያ ቤታችን፣ በየጓደኞቻችን መካከል አንድ ያልታየ ፊሽካ ተንጠልጥሏል፤ «ተጠንቀቅ» ያለውን የምናሳፍርበት። የሚናገር ሰው እርግጠኛ መሆን የለበትም። ተሳስቶ ከሆነ የሚከፍለው እፍረት ነው፤ እፍረት ደግሞ እስከ ምሽት ይደርቃል። ዝም ብሎ ከተሳሳተ ግን የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው። የሚሰማም ሰው ለመቆም ማስረጃ አይጠብቅ፤ ቆሞ ይመርምር። ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት አባቶች አልቀለዱም።

ፍሬኑ ከበረደ በኋላ በከባድ ማርሽ እየተሳቡ ኩርባው ጋ ደረሱ። የመንገዱ ዳር ብረት አርጅቶ ዝጓል፤ በመካከሉ አንድ አዲስ ብረት ብቻውን ያበራል። እናትየው እጃቸውን እሱ ላይ አሳርፈው ብዙ ቆዩ። ማንም አላጽናናቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቁም። ሽታው ሚዛንን አልለቀቃትም፤ ዛሬም ይመጣል። አሁን ግን ሲመጣ የማንንም ሳቅ ሳትፈራ ትጠይቃለች፤ ካፒቴንና መምህርቷም ተነስተው አብረዋት ያያሉ።

ሲመለሱ ሹፌሩን የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን እንዲያዩላት ለመነቻቸው። ያን በጋ መስኮቱን የከፈተችው የመንገድ ሠራተኞች በሠሩት የቆርቆሮ ቤት አጠገብ መሆኑን አልረሳችም። ከዚያ ቤት እስከ ኩርባው ድረስ አራት ኪሎ ሜትር ከሁለት መቶ ሜትር ነው። በመካከሉ መኪና ማቆም የሚያስችሉ ሦስት ሰፋፊ ቦታዎች አሉ።