የእርሾው ጾም

ሰርክ ማይክሮስኮፑ ላይ እንዳጎነበሰች ቀረች። እርሾው በሽ በሽ ነው፤ የዘይት ጠብታ ግን የለበትም።

«ወይኔ ጉዴ!» አለች በሹክሹክታ።

ሲግናል ሰፈር ባለችው ላቦራቶሪ ሰርክና ባልደረቦቿ ከእርሾ ዘይት ለማውጣት ስምንት ወር ለፍተዋል። ይህ እርሾ ዘይት የሚያጠራቅመው ስኳር ሞልቶለት ናይትሮጅን ሲነፈገው ነው። ባልደረባዋ ፍሮምሳ ይህን «ጾም» ብሎ ስም አወጣለት። «አንቺ የእንጦጦ ልጅ፣ ጾመኞችሽ እንዴት አደሩ?» እያለ ያስቃታል። እሷም ስቃ ስታበቃ ዓይኑን ላለማየት መሬት መሬት ታያለች።

ጉድ የሠራትም ይኸው ዓይኑ ነው። ሰኞ ተረኛው እሱ ነበር፤ ወንድሙን ሊሸኝ መገናኛ ሲሄድ «አደራ» ብሏት ወጣ፤ በሩ ላይ ዞር ብሎ አያት። አቤት አስተያየት! ልቧ አብሮት ሄደና እጇ ናይትሮጅን ያለበትን ጠርሙስ አንስቶ እርሾዎቹ ሁሉ ላይ አንቆረቆረ። ጾሙን አስገደፈቻቸው በቃ።

ኃላፊያቸው ዶክተር ዘቢደር ፍሮምሳን አስከትለው ገቡ። ውጤቱን አዩ፤ የተራ መዝገቡን አዩ።

«ፍሮምሳ፣ ሰኞ ተረኛው አንተ ነበርክ። ነገ ገምጋሚዎች ሲመጡ ምን ላሳያቸው? ማን ነው ይህን ያበላሸው?»

ፍሮምሳ ሰርክን አያት። ፊቷ አመድ መስሏል።

«እኔ ነኝ» አለ።

«እንግዲያው ጋወንህን አስቀምጥና ውጣ።»

ሰርክ ታማ የተኛች እናቷን የምታኖረው በዚህች ደሞዝ ነው። ዝም ብትል ማንም አያውቅም። እሱ ጋወኑን አጣጥፎ ወጣ፤ ኮቴው በደረጃው እየራቀ ሄደ። ሰርክ ከማይክሮስኮፑ ተነሣች።

«ዶክተር... እኔ ነኝ። ሰኞ በእሱ ተራ የገባሁት እኔ ነኝ።»

ዶክተር ዘቢደር መዝገቡን ዘጉ። «ነገ ጠዋት መጥተሽ የስንብት ደብዳቤሽን ትወስጃለሽ። እሱን ጥሪው።»

የአጥሩ በር ላይ ደረሰችበት።

«ተመለስ፣ ነግሬያቸዋለሁ።»

«ምነው ሰርክዬ! እኔ እኮ ሌላ ሥራ አላጣም ነበር!»

«ማን ዋሽልኝ አለህ?» እንባዋ መጣ። «እሳቸው ፊት ከፈራሁት በላይ አሁን ፈርቻለሁ። እወድሃለሁ። እየዋሸህ የምታኖረኝ ከሆነ ግን ይቅርብኝ።»

ፍሮምሳ ወደ እሷ ቀረበ።

«እኔም ሳልነግርሽ የከረምኩት ፈርቼ ነው» አለ። «ነገ ደብዳቤውን ስትቀበዪ አብሬሽ እገባለሁ።»

«ብቻዬን እችላለሁ።»

«እኔ አልችልም።»